መምህር ሻማ አይደለም

(ባለፈው እትም ለወጣ ጽሑፍ መልስ፤ ለመምህራን ማኅበር አመራርም ጥያቄ)

ባለፈው እትማችን አንድ ጓደኛችን መምህርን ከሻማ ጋር አመሳስሎ፣ «ራሱን አቅልጦ ለሌላው የሚያበራ» እያለ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ አወድሶታል። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ አማርኛውም ያምራል። አንዳንዶቻችሁ ዶርም ውስጥ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ሰምቻለሁ። እኔም ወድጄው ነበር፤ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ። መጨረሻው ላይ ግን ጸሐፊው «መምህር ምስጋና እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም» ብሎ ደመደመ። ብዕሬን ያነሣሁት እዚህ ላይ ነው።

ሻማ እኮ አፍ የለውም። ሻማ ልጅ አያሳድግም፤ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ጤፍ አይሸምትም። አንዱ ሻማ ሲያልቅ ሌላው ከሱቅ ይገዛል። መምህርን ሻማ ያለው ጓደኛችን ክፉ አላሰበም፤ ይኸን አውቃለሁ። ነገር ግን ሳያውቀው የነገረን ይኸን ነው፤ መምህሩ ይቅለጥ፣ ዝም ይበል፣ ሲያልቅም ይተካ። እንዲህ ያለው ውዳሴ በጀት ለሚቆርጥ ሰው ደስ ይለዋል እንጂ ለመምህሩ ምን ይፈይድለታል? ምስጋና ወጪ የለውማ! በዓመት አንድ ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ማመስገን፣ አበባ መስጠት፣ ማስጨብጨብ፣ ከዚያ ወደ ቤት መሄድ ነው።

እኔን ያናደደኝ ግን የጓደኛችን ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ያናደደኝ፣ ይኸንኑ የሻማ ቋንቋ ሊቃወም የሚገባው የመምህራን ማኅበር አመራር ራሱ በየመድረኩ ሲደጋግመው መስማቴ ነው። ስለዚህ ይህች ጽሑፍ ለጓደኛችን መልስ ብትሆንም ዋናው ክርክሯ ከዚያ አመራር ጋር ነው።

ባለፈው ክረምት አገር ቤት ሄጄ፣ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝን መምህር መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ማንበብ ያስወደዱኝ እርሳቸው ናቸው። ለአንድ መጽሐፍ ሦስት ሆነን እየተሻማን፣ እርሳቸው ግን ከቤታቸው ያመጡትን ልብ ወለድ በየዓርቡ ቆመው ያነቡልን ነበር። ሻይ ልጋብዝዎት ብላቸው እምቢ ብለው እርሳቸው ጋበዙኝ። ወሬ ወሬን ያመጣልና ስለ ኑሮ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ማኅበሩ ምን እያለ ነው ታዲያ?» አልኳቸው።

«የቱ ማኅበር?»

«የመምህራን ማኅበር ነዋ! የእናንተው።»

ሳቁ። «እሱማ አለ። በየወሩ ከደመወዜ ላይ ሲቆረጥ አየዋለሁ። ፊቱን ግን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ለመምህራን ቀን ቲሸርት ሰጥተውናል፤ ውሸት ምን ያደርጋል።»

«ቲሸርቱስ የት ደረሰ?»

«ዳስተር ሆነ። ትምህርት ቤቱ ዳስተር መግዣ አጥቶ በሱ ነው ሰሌዳ የማጠፋው። አንተ ልጅ፣ አትሳቅ! ጥሩ ጥጥ ነው፣ ጠመኔውን ጥርግ ያደርገዋል።»

እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ስንት ዓመት ያስተማረ ሰው ለማኅበሩ በየወሩ ይከፍላል፤ ማኅበሩ ቲሸርት ይሰጠዋል፤ ቲሸርቱ መንግሥት ያልገዛውን ዳስተር ይተካል። እስቲ በዚህች በአንዲት ጨርቅ ላይ ስንት ነገር እንደ ተጻፈ አስተውሉ። ደመወዙ፣ የትምህርት ቤቱ በጀት፣ የማኅበሩም ፋይዳ አንድ ላይ ሰሌዳውን ሲያጠፉ ትመለከታላችሁ።

ማኅበሩ እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በ1940ዎቹ መግቢያ በጥቂት መምህራን ተጀምሮ ከአገራችን አንጋፋ የሙያ ማኅበራት አንዱ ለመሆን የበቃ ነው። ስሙ በታሪክ ጎልቶ የሚነሣው ግን በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነው። ብዙዎቻችን ይኸን ጊዜ የምናውቀው «የአብዮቱ ዋዜማ» በሚል አንድ መስመር ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ የተጠናቀቀ «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የሚባል ጥናት ነበር። የዓለም ባንክን የመሳሰሉ የውጭ ድርጅቶች ደግፈውታል። አሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ መንግሥት ያለው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ለብዙኃኑ ልጅ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይበቃዋል፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚወስደው በር ይጥበብ። ጥናቱ ሁለመናው ክፉ ነበር አልልም። ትምህርት የከተማ ልጅ ርስት ሆኖ የገጠሩ ልጅ ደጃፉን እንኳ እንዳላየው በትክክል ተመልክቷል። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። ገንዘብ ጎደለ ተብሎ የድሃው ልጅ ተስፋ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም ተፈረደበት። የባለጸጋው ልጅ እንደሆነ መንገድ አያጣም። ይኸ ሁሉ ደግሞ ከሚያስተምረው መምህርና ልጁን ከሚልከው ወላጅ ጋር ተመክሮበት የተደረገ አልነበረም።

ወሬው ሲወጣ መምህራኑ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። በዚያው ዕለት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ ጭማሪ ተቆጥተው መኪናቸውን አቆሙ። ተማሪውም፣ ወላጁም ተነሣ፤ የወታደሩ እንቅስቃሴም ተጨመረበት። ብዙም ሳይቆይ ጥናቱ ሥራ ላይ እንዳይውል ታገደ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው አብዮቱን አይደለም። የአብዮቱን መጨረሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። የምወስደው አንድ ነገር ነው። መምህራኑ በዚያ ወር ሁለት ጥያቄ በአንድ እጃቸው ይዘው ነበር፤ የደመወዛቸውንና የተማሪዎቻቸውን ዕጣ። ደመወዙን ብቻ ቢይዙ ኖሮ «ሆዳቸው ነው» ተብለው በተረቱ ነበር። የተማሪውን ጉዳይ ብቻ ቢይዙ ደግሞ በባዶ ሆድ ስንት ቀን ይቆሙ ነበር? ሁለቱን ባንድ ላይ ሲይዙ ግን ወላጁ ገባው። «ይኸ ሰው ለራሱም ለልጄም ነው የሚናገረው» አለ። የማኅበሩ ጉልበት እዚያ ጋ ነበር፤ የዛሬው አመራር የፈታውም ይኸንኑ ቋጠሮ ነው።

አመራሩ ፈጽሞ አይናገርም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ስለ ደመወዝ ማነስ፣ ስለ ዘገየ ክፍያ፣ ስለ መምህራን መኖሪያ ቤት ሲናገር ሰምተናል። ነገር ግን አነጋገሩን አዳምጡት። «ጥያቄያችንን አቅርበናል፤ መልካም ምላሽ ይጠበቃል፤ በመነጋገር ላይ ነን።» ከዓመት ዓመት ግሡ አይለወጥም። ጥያቄውም የመምህሩ የብቻው ጉዳይ ይመስል ለብቻው ይቀርባል። የትምህርት ቤቱ በጀት፣ የመጽሐፉ እጥረት፣ የክፍሉ መጣበብ ሲነሣ ደግሞ «እሱ የመንግሥት ሥራ ነው» ይባላል። እንዴ! መምህሩ ያለ መጽሐፍ ሲያስተምር የማን ሥራ እየሠራ ነው?

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ ፍርሃቱን ማቃለል አይገባንም። ፍርሃቱ በደም የተገዛ ነው። በደርግ ጊዜ ማኅበሩ የመንግሥት ብዙኃን ድርጅት ተደርጎ አፉ ተያዘ፤ በቀይ ሽብር ያለቀው መምህር ቤት ይቁጠረው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ መንግሥት የሚደግፈው አንድ፣ አልገዛም ያለው አንድ። አልገዛም ያለው ማኅበር ሊቀ መንበር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በግንቦት 1988 ዓ.ም. ተይዘው እስከ ግንቦት 1994 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ዓመት ታስረዋል። ከአመራሩ አንዱ የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በጠራራ ፀሐይ አዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ስሙና ንብረቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በሰኔ 2000 ዓ.ም. በሰበር ችሎት ለሌላኛው ወገን ተፈረደ። አልገዛም ያሉት በሌላ ስም እንመዝገብ ቢሉም አልተፈቀደላቸውም።

ስለዚህ የዛሬውን አመራር «ለምን ትፈራለህ?» አልለውም። ሰው ነው፤ ይፈራል። የምለው ሌላ ነው። የፈራ ሰው ፈራሁ ይላል እንጂ ፍርሃቱን «የሙያ ሥነ ምግባር» ብሎ አይጠራም። ደግሞስ ለአሰፋ ማሩ ዕዳ ያለበት ማነው? ስሙን ይዞ የቀረው ማኅበር አይደለምን?

የዝምታው ዋጋ ስንት እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ግቢ ውስጥ እርስ በርስ እንተያይ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲዛወር ኩረጃው ቀነሰና ሐቁ ወጣ። ከተፈተነው ተማሪ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ሆነ። በዓመቱ 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ከሺህ በለጡ። አንዳንዶቻችን የዚያ ወንፊት ትራፊ ነን፤ ቀሪዎቻችንም በሪሚዲያል ዞረን የገባን ነን፤ መኩራራት የለም።

ታዲያ የዚያን ሰሞን ጣቱ ወደ ማን ተቀሰረ? «መምህሩ ብቃት የለውም» ተባለ። ይኸ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ደካማ መምህር የለም የሚል የመምህር ጠበቃ ውሸታም ነው። ግን ያን ቀን ማኅበሩ ቆሞ ሊያነበው የሚገባው ሌላ መዝገብ ነበረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንደኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ከ3 ሚሊዮን እምብዛም አይበልጥም ነበር፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይኸ ታላቅ ነገር ነው፤ የገጠሩ ልጅ ደጃፉን አየ። ነገር ግን ልጁ በገባበት ፍጥነት ወንበሩ አልገባም፤ መጽሐፉ አልገባም፤ የመምህሩ ደመወዝም ከገበያው ጋር አልተራመደም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር እንኳ መጽሐፉ ዘግይቶ፣ መምህሩ በስልኩ ላይ ከተጫነ ፋይል እየቀዳ ያስተማረበትን ጊዜ እናስታውሳለን። ብር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ አንዲት ደብተር ለወላጅ ምን እንደሆነች ገበያ የወጣ ያውቃል።

የገንዘቡን ጉዞ እንከተለው። የወረዳው በጀት ሲመጣ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ያውም በቅጡ ለማያኖር ደመወዝ። የተረፈችው ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለጥገና ትባላለች። «ስኩል ግራንት» የምትባለው በተማሪ ቁጥር ተሰልታ ትመጣለች፤ ስትመጣም ለአንድ ልጅ ለዓመት ጥቂት አሥር ብሮች ናት። ጉድለቱ በወላጅ መዋጮ ይሸፈናል። በቅርብ ዓመታት «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ንቅናቄ ሕዝቡ ገንዘብም ጉልበትም እያዋጣ ትምህርት ቤት ሲያድስ አይተናል። ሕዝቡ ይመስገን። ግን መዋጮ የሚያምረው በጀት ሲጨመርበት ነው። በጀትን ከተካ ግን ድሃው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ግብር፣ አንድ ጊዜ መዋጮ። ይኸን ለመናገር ከመምህራን ማኅበር የተሻለ ማን አለ? በየትምህርት ቤቱ አባል ያለው፣ የክፍሉን ጥበት በዓይኑ የሚያይ፣ የጎደለውን ወንበር መቁጠር የሚችል እሱ ነው። የሌለው ቁጥር አይደለም፤ የሚቆጥርና ጮኾ የሚያነብ ነው።

እንዲህ ስል የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ።

አንደኛው «አገሪቱ ድሃ ናት፣ ከየት ይምጣ?» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ድሃ ናት። ድሃ ቤተሰብ ግን እንጀራውን የሚቆርሰው በግልጽ ነው፤ እናት ለማን ስንት እንደ ሰጠች ሁሉም ያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢንቺዮን ላይ መንግሥታት ተሰብስበው ከመንግሥት ወጪ ከ15 እስከ 20 ከመቶ የሚሆነው ለትምህርት እንዲውል መክረዋል። ማኅበሩ በየዓመቱ ሰኔ፣ በጀት ሊጸድቅ ሲል፣ «ከዚህ ስንት ደረስን? ስንቱ ለግንባታ፣ ስንቱ ለዩኒቨርሲቲ፣ ስንቱ ለአንደኛ ደረጃ ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «የለም» ከሆነ፣ የለም መባሉን ሕዝቡ ይስማው። ሳይጠይቁ የለም ማለት ግን የድህነት ምልክት አይደለም፤ የአድርባይነት ነው።

ሁለተኛው «ይኸ ፖለቲካ ነው» የሚል ነው። የልጆች ወንበር ፖለቲካ ከሆነ ልጆቹን መሬት ላይ ያስቀመጠው ምን ሊባል ነው? እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ ስለ መምህራን ይዞታ ያወጡት ምክረ አሳብ፣ የመምህራን ማኅበራት በትምህርት ፖሊሲ አወሳሰን ውስጥ ሊሳተፉ ይገባል ይላል። በየዓመቱ የመምህራንን ቀን የምናከብረው ያ ምክረ አሳብ የጸደቀበትን ቀን መታሰቢያ አድርገን ነው። ቀኑን አክብሮ ቃሉን መርሳት፣ ልደት አክብሮ ልጁን እንደ መርሳት ነው።

ሦስተኛው «ጩኸት ምን ያመጣል?» የሚል ነው። በጦርነቱ ጊዜ የ17 ወር ደመወዝ የቀረባቸው የትግራይ መምህራን፣ በክልላቸው ማኅበር በኩል ጉዳዩን ፍርድ ቤት ድረስ ወስደውታል። ወሳኙ ነገር መርታት መረታቱ አይደለም። ማኅበሩ የአባላቱን ወር ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ «ይኸ ዕዳ ነው» ብሎ ደጅ ላይ መቆሙ ነው። ልመናና ዕዳ ይለያያሉ። ለማኝ ይመሰገናል ወይም ይባረራል፤ ባለ ዕዳ የያዘ ግን ደብተር ይገልጣል።

እንግዲህ አመራሩን የምንጠይቀው ተራራ ግፋ ብለን አይደለም። አንደኛ፣ ከመምህሩ ደመወዝ የሚቆረጠው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ በየትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። መዋጮው አሠሪው እጅ ላይ ተቆርጦ ስለሚመጣ፣ አመራሩ አባሉን ፊት ለፊት ሳያይ ዓመታት ሊኖር ይችላል፤ ጋሼ ፊቱን አላውቀውም ያሉት በከንቱ አይደለም። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር በዓመት አንድ ጊዜ ይቁጠር፤ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ፣ ለስንት ተማሪ አንድ መጽሐፍ፣ ስንት ወንበር፣ የስንት ወር ያልተከፈለ ደመወዝ። ድምሩ በጀት ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይነበብ። ሦስተኛ፣ ሪፖርቱን ለሚኒስቴር ከማንበቡ በፊት ለወላጅ ያንብበው። አራተኛ፣ መሪው ጠመኔ ከጨበጠው መካከል በምሥጢር ድምፅ ይመረጥ፤ የማኅበር ወንበርም ወደ መንግሥት ወንበር መሸጋገሪያ መሰላል አይሁን።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ጓደኞቼ፣ እኛ ማን ነን? ከዚህ ፋኩልቲ ተመርቀን ስንቶቻችን የት እንደምንገባ እናውቀዋለን፤ ጠመኔው እየጠበቀን ነው። ግን ካፌ ተቀምጠን «መምህርነት ከደረሰኝስ አለቀልኝ» እያልን እንቀልዳለን። ያስተማረንን ሰው ኑሮ እንደ ቅጣት ቆጥረነዋል ማለት ነው። ነገ እኛ ቅጣቱ ውስጥ ስንገባ ማኅበሩን መርገም እንጀምራለን። ማኅበሩ ግን ዛሬ እንዲህ የሆነው፣ ትናንት እንደኛ ሲቀልዱ የነበሩ ተማሪዎች ገብተውበት ዝም ስላሉ ጭምር ነው። ስለዚህ ከአመራሩ የምጠይቀውን ከእኛም እጠይቃለሁ። ስንቀጠር የአባልነት ፎርሙን አንብበን እንፈርም፤ ስብሰባው ላይ ሒሳብ እንጠይቅ፤ ደመወዛችንን ስናነሣ የተማሪዎቻችንን ወንበር አብረን እናንሣ። የ1966ቱ ቋጠሮ ይኸው ነው።

ለሻማው ጸሐፊ ጓደኛዬ፤ አትቀየመኝ። ያን ያህል የሚያምር አማርኛ ያስተማረህ ሰው ዛሬ የት እንዳለ ጠይቅ። ደውልለት። ብታመሰግነው ደስ ይለዋል፤ እኔም አመስግኛለሁ። ከምስጋናው በኋላ ግን ደመወዝህ ይበቃሃል ወይ፣ መጽሐፍ ደርሷል ወይ፣ ማኅበርህ ምን አለ ብለህ ጠይቀው። መልሱን በሚቀጥለው እትም ጻፍልን፤ እኔ ስቴንስሉን እቆርጣለሁ።

ጋሼን ስለያቸው «ለመጪው የመምህራን ቀን ምን ይላክልዎት?» አልኳቸው፤ ለቀልድ ነበር። እርሳቸው ግን የምራቸውን መለሱ፤

«ዳስተር፣» አሉኝ። «ከዳስተሩ ጋር ደግሞ ደረሰኝ። በማን ብር እንደተገዛ ልየው።»